ቻይና ውስጥ የበቀለው ፓሪስ፦ ሰፈር ነው ወይስ ፎርጅድ?

እ.ኤ.አ. በ2020 የቻይና የቤቶች ሚኒስቴር የውጭ አገር ሕንፃዎችን መቅዳት ከልክሏል። ክልከላው ተገቢ ነበር? መቅዳትን የሚቃወም ወንድና መቅዳትን የምትደግፍ ሴት ይከራከራሉ።

ተቃዋሚ፦ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ዘገየ። ሃንግዡ ከተማ ዳር ያለችውን ቲያንዱቼንግን ተመልከቱ። መሃሏ ላይ 108 ሜትር የሚረዝም አይፍል ማማ ቆሟል። የእውነተኛው ሲሶ መሆኑ ነው። ዙሪያውን ደግሞ ፓሪስ ፓሪስ የሚሉ ፎቆች። የራሱ ግቢና የጣሪያ አሠራር ያለው አገር የሰው ልብስ ምን አስዋሰው? ነገሩ ግልጽ ነው፤ «አውሮፓ» የሚለው ስም ቤት ያሻሽጣል። ሻንጋይ አጠገብ ያለችው፣ የእንግሊዝ ከተማ አስመስለው የሠሯት ቴምስ ታውንም ያው ናት። ቀይ የስልክ ሳጥን አላት፣ የድንጋይ መንገድ አላት፣ ቤተ ክርስቲያን አላት። የጠፋው ነዋሪ ነው። ብዙዎቹ ገዝተው ቆልፈውት ሄዱ። ደጁን ያደመቁት ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሙሽሮች ናቸው።

ደጋፊ፦ ሙሽሮቹ ምን አጠፉ ወንድሜ? ቬሎ የለበሰች ልጅ እዚያ ደጅ ላይ ስትስቅ ሳቋ ኮፒ አይደለም። «የሰው ልብስ» ያልከውን ደግሞ ማን እንደሰፋው ልንገርህ። ቴምስ ታውንን የነደፈው አትኪንስ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ነው። ባለቤቱ ራሱ ለክቶ ሰፍቶ ሸጠው። መቅዳትንም ቻይና አልጀመረችውም። ለንደን፣ ኪው የአትክልት ሥፍራ ውስጥ በ1762 የተሠራ ባለ አሥር ደርብ፣ ፓጎዳ የሚሉት የቻይና ዓይነት ማማ አለ። ዛሬ ቅርስ ነው። ፎርጅድ ያለው የለም።

ተቃዋሚ፦ አትክልት መሃል አንድ ፓጎዳ ማቆም ጌጥ ነው። መንደር እንዳለ መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው እህቴ። ሃልሽታት ኦስትሪያ ውስጥ ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ቅጂዋ በ2012 ጓንግዶንግ ውስጥ፣ ሁይዡ ላይ ተመረቀ። የሃልሽታት ሰዎች ወሬውን የሰሙት እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ቤትህን ሊለካ የመጣ እንግዳ ቢያንስ በር ያንኳኳል!

ደጋፊ፦ አለማንኳኳቱ ነውር ነው፤ እሱን አልከራከርህም። ግን የሃልሽታት ከንቲባ ራሳቸው ምረቃው ላይ ተገኝተዋል። የተኳረፈ ሰው ድግስ አይሄድም። ቲያንዱቼንግም መጀመሪያ ባዶዋን ነበረች፤ በኋላ ሰው ገባባት። በዚያ የፓሪስ በረንዳ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ ታያለህ። እዚያ ያደገ ልጅ ማማውን የሚያውቀው በሰፈሩ ነው፣ በፈረንሳይ አይደለም።

ተቃዋሚ፦ እኔም የማስበው ለዚያ ልጅ ነው። የሰፈሩን ፎቶ ባሳየ ቁጥር «ፓሪስ ሄደህ ነበር?» ሊባል ነው።

ደጋፊ፦ «ኧረ ቤታችን ነው» ይላላ።