«ስኳር አለብህ እንዴ?»

አቦ ዛሬስ አላልፈውም፣ እጽፈዋለሁ። ከሻይ ቤቱ ከወጣን ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ልጁን ታውቁታላችሁ፣ ስሙን አልጠራም። ስኳር ልተው ብሎ ዳይት ከጀመረ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ቦታውም ያው የምታውቁት ነው፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ስር።

«ሻይ፣ ያለ ስኳር» አላት አስተናጋጇን።

«ያለ ስኳር የለም።»

«እንዴት የለም? ስኳሩን ብቻ ተይው።»

«አብሮ ነው የሚፈላው። ከጠዋት ጀምሮ ፔርሙስ ውስጥ ነው።»

«እሺ ቡና አምጪልኝ። ስኳር እንዳታደርጊበት።»

ይሄኔ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አንተ፣ ስኳር አለብህ እንዴ?»

«የለብኝም። ልተው ብዬ ነው።»

«ካልታመምክ ታዲያ ምን ሆነህ?» አለችና ወደ ጓዳ ዞራ ጮኸች፦ «አንድ ቡና ባዶ! የስኳር በሽተኛ አለ!»

ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየው። አጠገባችን የነበሩት ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «አላህ አፊያውን ይስጥህ ልጄ፣ ገና ለጋ ነህ እኮ» ብለው መረቁት። ከኋላ አንዱ «ዳይት የሴት ነው ባክህ» አለ፣ ሳቁ። ቡናው መጣ። ልጁ ቀመሰና ሲኒውን አስቀመጠው። ጣፋጭ ነው! «ትንሽ ናት ያደረግኩት፣ ባዶውን እንዴት ይጠጣዋል ብዬ አሳዘንከኝ» አለችው። በቃ። ቃል ሳይተነፍስ ቡናውን ጠጣ፣ ከዚያ ያንኑ የፔርሙስ ሻይ አዘዘ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ሁለት ማንኪያ ጨመረበት። ዘጠኝ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ አለቀ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሻይ ውስጥ ስኳር አብሮ መፍላት ያለበት ለምንድነው? መልሱን እኔው ልንገራችሁ፦ አፈላሉ ስለተበላሸ ነው። ቅጠሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እሳት ላይ ሲንተከተክ ይቆይና ነው ፔርሙስ ውስጥ የሚገባው። ሻይ ቅጠል ብዙ በፈላ ቁጥር ታኒን የሚባለውን ይለቃል፣ አፍ የሚያደርቀውና ምላስ የሚይዘው እሱ ነው። ያንን ምሬት ለመሸፈን በማንቆርቆሪያው ልክ ስኳር ይፈስበታል። ከዚያ «ያለ ስኳር አይጠጣም» ይባላል። በእርግጥም አይጠጣም፣ ያበላሹት ግን ራሳቸው ናቸው!

አንድ ሊትር ውሃ ጣዱ። ጣት የምታህል ቀረፋ፣ አራት አምስት ፍሬ ሄል ፈንከት ፈንከት አድርጋችሁ፣ ሦስት ቅርንፉድ ጨምሩና አሥር ደቂቃ ይፍላ። ቅመም መፍላት ይወዳል። እሳቱን አጥፉ። ከዚያ ነው ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅጠል የሚገባው፣ ተከድኖ ሦስት ደቂቃ፣ ከአምስት አይለፍ። አጥሉና ፔርሙስ ውስጥ ክተቱት። ቅጠሉ ከውስጡ ስለወጣ እስከ ማታ ቢቆይም ያን ያህል አይመርም። ቀረፋውና ቅርንፉዱ ስኳር ሳይኖር ለምላስ የጣፈጠ ይመስላሉ። ይሄ ለአንድ ሻይ ቤት ስንት ብር ያስወጣዋል? እንዲያውም የስኳሩን ያተርፋል።

ቡናውማ የባሰ ያንገበግባል። የሐረር ቡና እኮ ነው! ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የሚደርቅ፣ በደንብ ከተቆላ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ቡና። ከሰል እስኪመስል ያከስሉትና ሦስት ማንኪያ ስኳር ይደፉበታል። አያቶቻችን እዚሁ አገር ከቡና ገለፈትና ቅጠል የሚፈላውን ሆጃና ቁጢ በጨው ይጠጡ ነበር፣ ማንም በሽተኛ ናችሁ አላላቸውም።

ደግሞ «አንድ ሁለት ማንኪያ ምን ያመጣል» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ የሆነች አንዲት የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ናት፣ የተቆለለችው ከዚያ ትበልጣለች። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ 12 ግራም ነው። በቀን አምስት ብርጭቆ ሲሆን 60 ግራም። በወር 1 ኪሎ ከ800 ግራም፣ ከሻይ ብቻ! ዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር (የማርና የጁሱም ጭምር) በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ይመረጣል ብሏል። አምስቱ በመቶ ለአዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው፣ ስድስት ማንኪያ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጨርሶታል ማለት ነው። ለስላሳው ገና አልተቆጠረም፣ አንዱ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ይዟል።

ለስላሳ ስል ትዝ አለኝ፣ ያለፈው ሰርግ! በዚያ ሙቀት የቀረበው ለስላሳ ብቻ፣ ውሃ የለም። «ውሃ» ብለን ስንጠይቅ «ለእንግዳ ውሃ ይሰጣል እንዴ፣ ነውር ነው» ተባልን። ግንቦት ላይ ድሬዳዋ 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ የጠማው ሰው ያገኘውን ይጠጣል። ስኳር ከገበያ ሲጠፋ ደግሞ ሸማቾች በር ላይ ፌስታል ይዘን ግማሽ ቀን የምንሰለፈው ይኸው እኛው ነን። ይሁን፣ ተውት።

ወደ ዳይቱ ልመለስ፣ ዋናው እሳት የሆነብኝ እሱ ነው። በቴሌግራም የሚዞረውን የ14 ቀን የዳይት ወረቀት አይታችሁታል። ስኳር ክልክል። እሺ። እንጀራ ክልክል፣ ሩዝ ክልክል፣ ሽሮ ክልክል፣ ፍራፍሬ ክልክል፣ ቡና ክልክል። የተፈቀደው ብሮኮሊ፣ ሳልመን፣ አልመንድ። ሳልመን ከየት ይምጣ? ከደቻቱ ወንዝ? አጠገባችሁ ባቢሌ ኦቾሎኒ እያመረተ አልመንድ ፈልጉ ትሉታላችሁ? ሰውየው ሊተው የፈለገው ስኳር ነው፣ ምሳውን ማን ተው አለው?

በሦስተኛው ቀን ራሱን ሲያመው ደግሞ «መርዙ እየወጣ ነው፣ ቻለው» ይሉታል። የምን መርዝ! አንደኛ ቡናውን ከስኳሩ ጋር አብራችሁ አስጥላችሁታል። ቡና የለመደ ሰው ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታቱ ይጀምረዋል፣ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ያ የካፌይን ነው። ሁለተኛ እህል በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ኢንሱሊን ይቀንስና ኩላሊት ጨውና ውሃ ያስወጣል። የድሬ ላብ ሲጨመርበት ሲነሳ ያዞረዋል። በመጀመሪያው ሳምንት «ሦስት ኪሎ ቀነስኩ» የሚባለውም አብዛኛው ውሃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው፣ ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ክምችት፣ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ እሱ ሲያልቅ ውሃውም ይሄዳል። እንጀራ በበላ በማግስቱ ይመለሳል። ያኔ ሰውየው «እኔ ሰው አይደለሁም» ብሎ ራሱን ይረግማል። ያሳዝናል እኮ።

ይህንኑ ወረቀት ስኳር ላለባቸው እናቶቻችሁ የምትልኩ፣ ኧረ በፈጣሪ! ኢንሱሊን የምትወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትውጥ እናት መድኃኒቷ ሳይስተካከል እህል ካቋረጠች ስኳሯ ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ከዚያ ግራ መጋባት። ያን ጊዜ ለሷ መድኃኒቱ ስኳር ነው፦ አራት የሻይ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ መለካት፣ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ መድገም። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፣ በባጃጅም ሆነ በምን ወደ ሐኪም ቤት አሯሩጧት። ምግቧን ከመለወጧ በፊት ደግሞ ሐኪሟ መድኃኒቷን ይይላት።

«ታዲያ ምን ይብላ?» ፉሉን ይብላ! ጠዋት ፉል በእንቁላል፣ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ዳቦው ግማሽ። ባቄላውና እንቁላሉ ይዞት ይቆያል፣ አራት ሰዓት ላይ ብስኩት አያስፈልገውም። ምሳ እንጀራ በሽሮ ወይ በምስር፣ ጎመን በዛ አድርጎ። ቡናው አይቋረጥ፣ ስኳሩ ይቀነስ፦ ከሦስት ወደ ሁለት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አንድ ተኩል፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ባዶ። አምስት ሳምንት ነው። ምላስ ቀስ እያለ ይለምዳል፣ ኋላ የድሮውን ሻይ ስትቀምሱት ያቅራችኋል። ጊሽጣ ያማረው ጊሽጣውን በማንኪያ ይብላ። ጁስ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ማንጎ ይገባል፣ ስኳር ደግሞ ሳይጠየቅ ይጨመርበታል። በሶም ቢሆን በስኳር ከሚበጠበጥ በጨውና በበርበሬ ጭብጦ ይሁን።

«ማር ተፈጥሮ ነው» የሚሉት ደግሞ አሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ስኳር ነው። ቴምርም ብትሉ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። ሁለት ፍሬ በአፍጥር ሰዓት፣ በደስታ። ዳይት ላይ ነኝ እያሉ ሃያ ፍሬ መጨረስ ግን ምን የሚሉት ነው?

በርጫውንም ሳልነካው አላልፍም፣ ትቆጡኝ እንደሆን ተቆጡ። ጫት አፍ ያደርቃል፣ ርሃብን ይዘጋል። ምሳ ሳይበላ የተቀመጠ ሰው ከሰዓቱን ሙሉ በለስላሳና በጣፋጭ ሻይ ይገፋዋል፣ ማታ ምርቃናው ሲወርድ ድካሙና ርሃቡ አንድ ላይ ይመጡበታል። ያኔ እጁ የሚሄደው ጣፋጭ ላይ ነው። ቢያንስ ምሳ በልቶ ይቀመጥ፣ አጠገቡ ውሃና የዝንጅብል ሻይ ይኑር፣ ከረሜላው ቀርቶ ኦቾሎኒና ቆሎ ይቅረብ። «ስኳር ልተው» የሚል ሰው መሃላችን ሲቀመጥ ደግሞ ለስላሳ ከፍታችሁ እጁ ላይ አታስይዙት።

ለሻይ ቤቶቻችን ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። አንድ ፔርሙስ ሙቅ ውሃ፣ አንድ ጣሳ ቅጠል ለብቻ። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ የፈለገ ይጨምር። ያለ ስኳር ያዘዘ ሰው ደግሞ በሽታው ለጓዳ አይታወጅበት፣ ቢኖርበትስ ማን ያገባዋል?

ይህን እየጻፍኩ ልጁ ደወለ። ቀፊራ ገበያ ነው ያለው፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝቷል፣ ግማሽ ኪሎ። ድምፁ ሞቷል። «ነገ ከዜሮ እጀምራለሁ፣ ቁርስም እተዋለሁ» አለኝ። አትተው አልኩት። የምትፈልገውን ያህል ብላና የቀረውን ለጎረቤት ልጆች አካፍል፣ ነገ ጠዋት መጀመሪያ ፉልህን ብላ፣ ቡናህን እኔ ቤት ትጠጣለህ፣ በአንድ ማንኪያ።

«አንድ ማንኪያ ይፈቀዳል እንዴ?» አለኝ።