ዳኛው ሳይናገር «ኪዩ ከበደው» የሚሉ ተመልካቾች

ከአዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬም በሉት የካ አባዶ፣ የድምፃውያን ውድድር በሚተላለፍበት ሰዓት አንድ ቴሌቪዥን ፊት የሁለትና የሦስት ቤት ሰው ይሰበሰባል። እኛ የምንኖርበት አሜሪካ ሰው እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በየስልኩ ለብቻው ነው የሚያየው። አዲስ አበባ ዳር ግን ተመልካቹ ራሱ ዳኛ ነው። ተወዳዳሪው የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ጀምሮ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርስ አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ ድምፅ አለው እኮ» ካለ፣ «ድምፁ መች ጠፋ! ኪዩ ነው የከበደው» የሚል መልስ ከሶፋው ጥግ ይመጣል። ዳኛው ያንኑ የሚናገረው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው።

እውነታቸውን ነው። ባገራችን ውድድሮች ጥሩ ድምፅ ያለውን ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጥለው የኪይ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚዘፈንበት ከፍታ ምርጫ ነው። ተወዳዳሪው ዘፈኑን ከዩቲዩብ ያጠናል፤ የሚያጠናውም በዋናው ዘፋኝ ኪይ ነው። ጎረቤት እንዳይረበሽ በለሆሳስ ስለሚለማመድ ከፍታው አይታወቀውም። መድረክ ላይ ሙሉ ድምፁን ሲያወጣ መግቢያው ይመቸዋል፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ጉሮሮው ይያዛል፣ አንገቱ ይወጠራል፣ ኖታውም ከሥር ይቀራል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ልምምዱን ከመግቢያው ሳይሆን ዘፈኑ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ኖታ መጀመር ነው። ያን ቦታ ሳይጨናነቁ በሙሉ ድምፅ ሦስት ጊዜ ማለት ካልተቻለ፣ ኪዩን በግማሽ በግማሽ ድምፅ (በኪቦርድ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ቁልፍ ባለው ርቀት፣ ጥቁሩም ሲቆጠር) እያወረዱ መሞከር። ካወረዱ በኋላ ደግሞ ዝቅተኛው ቦታ ድምፅ አልባ ሹክሹክታ እንዳይሆን ማየት ያስፈልጋል። ሴት ተወዳዳሪ የማህሙድ አህመድን ዘፈን ስትመርጥማ አንድ ግማሽ ድምፅ የትም አያደርሳትም፤ አንዳንዴ አራት፣ አምስት ግማሽ ድምፅ ማንቀሳቀስ ይጠይቃል።

ታዲያ ባንዱ ለምን አይቀይርላቸውም? ኪቦርዱ ትራንስፖዝ የሚባል ኪይ መቀየሪያ ስላለው በአንድ ጣት ይቀይራል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ግን የጣት አጣጣሉን ከሥሩ ማሰብ አለበት። ክራር ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ክሩ አንድ በአንድ ይቃኛል፤ ያውም ኪዩ ብቻ ሳይሆን ቅኝቱም ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ሲዞር። በቀጥታ ስርጭት በሁለት ዘፈን መሀል ይህን የሚያደርስ ጊዜ የለም። ስለዚህ ወይ ሁለት ሦስት ክራር ተቃኝቶ ይቀመጣል፣ ወይ ክራሩ ይቀርና ኪቦርድ ይተካዋል። አንቺ ሆዬ ላይ ልዩነቱ ቶሎ ይሰማል፤ መሲንቆ በኖታና ኖታ መካከል እያንሸራተተ የሚያመጣውን ቃና የኪቦርድ ቁልፍ አይሰጥም። ተወዳዳሪው በመሲንቆ ያደገ ከሆነ እሱ በአንድ በኩል፣ ባንዱ በሌላ ይሄዳሉ፤ ተመልካቹም «ከኪይ ወጣ» ይላል። ያኔ ልጁ ላይ መፍረድ ይከብዳል።

አሜሪካን አይዶልን ከጀመረበት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከታተለ ይህን ዓይነት ስህተት እምብዛም አይሰማም። ዘፈኑ አንድ ደቂቃ ተኩል አካባቢ እስኪሆን ይቆረጣል፤ የድምፅ አሠልጣኝና አቀናባሪም ኪዩን ለልጁ ጉሮሮ ቀድመው ያበጁታል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ዳኛው የሚናገረው ቴክኒክ ያጣል። ቀዳዳውን የሚሞላው የእናት ሕመምና የድህነት ታሪክ ነው። እኛ ዘንድ ፈለቀ ኃይሉ በኢትዮጵያን አይዶል ወንበር ላይ በነበረበት ጊዜ ሳክስፎን ተጫዋች ስለሆነ የሙዚቃውን ጉድለት ፊት ለፊት ይናገር ነበር፤ ብዙ ሰው «ክፉ» አለው፣ እኔ ግን ያን ዓይነት ዳኝነት እመርጣለሁ። አሁን አሁን የለቅሶው ቪዲዮ ወደ እኛም መጥቷል፤ ከዘፈኑ የሚረዝምበት ጊዜም አለ።

የተመልካች ድምፅ ላይ ደግሞ ሁለቱም አገር ችግር አለበት። ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ በሚባለው የአሜሪካ የታዋቂ ሰዎች የዳንስ ውድድር ላይ እያንዳንዱ ዳኛ ከ10 ይሰጣል፤ የተመልካች ድምፅ ይጨመርበታል። በ2018 እ.ኤ.አ. ዳኞች ዝቅ ያለ ነጥብ ሲሰጡት የቆዩት የራዲዮ አቅራቢ ቦቢ ቦንስ ዋንጫውን ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ተቀየረና በድምሩ ዝቅ ካሉት ሁለት ጥንዶች በውድድሩ የሚቆየውን ዳኞች መምረጥ ጀመሩ። ባገር ቤት በአጭር ቁጥር የሚላክ መልእክት ካርድ ይበላል፤ ስለዚህ ብዙ ካርድ ያለው የሀገር ልጅ ብዙ ድምፅ አለው ማለት ነው። ዳር ከተማው ላይ መብራት ከሄደማ፣ ሲመጣ መስመሩ ተዘግቷል። ውጭ ያለነውም በዚያ ቁጥር መላክ አንችልም፤ በዩቲዩብ እያየን መቆጨት ብቻ። የዳኛና የተመልካች ድርሻ ስንት ስንት እንደሆነ በየሳምንቱ ስክሪኑ ላይ ቢጻፍ ግማሹ ክርክር ይበርድ ነበር።

የጭፈራ ውድድሮች ላይ ደግሞ ወቀሳዬ ለካሜራው ነው። እስክስታ ከወገብ በላይ ቢቀረጽ ያምራል፤ ትከሻው፣ አንገቱ፣ ደረቱ እዚያ ነው። የጉራጌን ጭፈራ በዚያው ርቀት ሲቀርጹት ግን ሥራው ሁሉ ያለበት እግር ይቆረጣል፤ ከራስ እስከ ጫማ ካልታየ ፍጥነቱ አይገባም። የትግርኛ ክብ ደግሞ ከፍ ካለ ቦታ ካልታየ ክብ መሆኑም አይታወቅም። በዚያ ላይ በሦስት ደቂቃ የአራት ብሔረሰብ ጭፈራ እየቀያየሩ ማቅረብ ተለምዷል። ትከሻ መሞቂያ ጊዜ ይፈልጋል፤ ገና መርገፍ ሲጀምር ምቱ ይቀየራል፣ ተወዳዳሪውም ልብስ ለመቀየር ይሮጣል። አንዱን ጭፈራ ለሁለት ደቂቃ ሙሉ ያለማቋረጥ ቢያስጨፍሩ ማን ከልቡ እንደሚችልና ማን እንቅስቃሴውን በቃሉ ይዞ እንደመጣ ይለይ ነበር።