ማስተካከያ፦ ዘይቱን ወደ ሃዋይ የገባው በጀልባ ተቀዝፎ አይደለም

ስለ ሃዋይ ባህላዊ መድኃኒቶች ባለፈው ስጽፍ፣ ዘይቱንን (እነሱ ኩዋቫ ይሉታል) የሃዋይ የመጀመሪያ ሰፋሪዎች የሆኑት የጥንት ፖሊኔዥያውያን በጀልባ ካመጧቸው ዕፅዋት ጋር ቆጥሬው ነበር። ስህተት ነው፤ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዘይቱን የትሮፒካል አሜሪካ ዛፍ ነው። ሃዋይ የደረሰው እንግሊዛዊው አሳሽ ካፒቴን ኩክ በ1778 እ.ኤ.አ. ደሴቶቹን ከረገጠ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ያስገባውም ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ዴ ፓውላ ማሪን እንደሆነ ይነገራል።

ከጥንት ጀምሮ ያለው የዳቦ ፍሬ፣ ኡሉ፣ ነው። ያደባለቅኩት ከእሱ ጋር ነበር። ፍሬው ይጠበሳል፣ ይወቀጣል፤ ከግንዱ ከበሮና በማዕበል ላይ የሚንሸራተቱበት ሳንቃ ይሠራሉ። በሚያጣብቀው ሙጫው ደግሞ ላባቸው ለመኳንንት ካባ የሚፈለጉ ወፎችን ያጠምዱ ነበር።

የዘይቱን ለጋ ቀንበጥ ለተቅማጥ ይውላል ያልኩት ግን ትክክል ነው። የሃዋይ ባህላዊ ሐኪሞች እንግዳውን ዛፍ አጥንተው ከራሳቸው መድኃኒቶች ጋር ቀላቅለውታል። ይህ ዕውቀት የራሳቸው ነውና፣ ዛፉ መጤ መሆኑ ክብራቸውን አይቀንስም።

በ1825 እ.ኤ.አ. የገባው ዘመዱ፣ ፍሬው ትንሽና ቀይ የሆነው ዋያቪ፣ ዛሬ የሃዋይን ጫካ እየወረረ ነው። ያንንም ሳልጠቅስ አልፌ ነበር።