ማስተካከያ፦ ስለ ማድቪሊን

ሰሞኑን ስለ አሜሪካው የአንደርግራውንድ ሂፕ ሆፕ ጥንድ ማድቪሊን የተሰራጨው ጽሑፍ መታረም አለበት። ጽሑፉ ከጥንዱ አንዱ የሆነው ራፐር ኤምኤፍ ዱም ዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. አረፈ ይላል። ያ ቀን ቤተሰቡ ሞቱን ይፋ ያደረገበት ነው። ያረፈው ኦክቶበር 31 ነው። ሁለት ወር ሙሉ ወዳጆቹ ሳያውቁ ዘፈኑን ሲሰሙ ነበር። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ጽሑፉ ጥንዱን «ሁለት ራፐሮች» ማለቱም ልክ አይደለም። ራፑ በዋናነት የዱም ነው። ቢቱን፣ ማለትም ከራፑ ሥር ያለውን ሙዚቃ፣ የሠራው የጥንዱ ሌላው አባል ማድሊብ ነው፤ እሱም ኳዚሞቶ በተባለው ሌላ የመድረክ ስሙ አልፎ አልፎ ሲራፕ ይሰማል።

«በርካታ አልበሞች» አወጡ የተባለው ደግሞ ጨርሶ ስህተት ነው። አዲስ ሥራ ይዘው የወጡት በአንድ ሙሉ አልበም ብቻ ነው፤ እሱም በ2004 በስቶንስ ስሮው ሙዚቃ አሳታሚ በኩል የወጣው «ማድቪሊኒ» ነው። የ2008ቱ አልበም ማድሊብ ያንኑ አልበም እንደገና ያቀናበረበት ሪሚክስ ነው። የመጀመሪያው አልበም ገና ሳይወጣ ረቂቅ ቅጂው ሾልኮ ኢንተርኔት ላይ ተበትኖ ነበር። ሥራው ለጊዜው ቆመ። ሲመለሱ ዱም ድምፁን ወፈር፣ ረጋ አድርጎ እንደገና ቀዳው። እኔ እንደምሰማው፣ የአልበሙ ውበት ግማሹ ያለው እዚያ እርጋታ ውስጥ ነው።