እርማት፦ አሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲስ አይደረብም

ወንድሜ፣ ስለ ሲሊኮን (የሴራሚክ ጥግና መገጣጠሚያ ስለሚዘጋው ላስቲክ መሰል ማሸጊያ) «የሻወር ቤቱ ሲሊኮን ከጠቆረ አዲሱን ከላይ ደርብበት፣ ይበቃል» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ግን ስህተት ነው። አዲስ ሲሊኮን በደረቀ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይጣበቅም። ንጹሕና ደረቅ ሴራሚክ ላይ ግን ይዞ አይለቅም።

እኔም ደሴ ቤቴ እንዲሁ ደርቤ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጫፉን በጥፍሬ ያዝ ባደርገው፣ እንደ ማስቲካ እየተሳበ እስከ ጥጉ ድረስ ተላጠ። ከሥሩ ያ ጥቁር ሻጋታ እንዳለ ቁጭ ብሏል!

አሮጌውን በካተር ወይም በምላጭ ፍቀህ አንሳ። ስስ ሽፋን እንኳ እንዳይቀር፤ ጣትህን ስታስኬድበት የላስቲክ ስሜት ካለው አልጨረስክም። ከዚያ በአልኮል ጥረገውና በደንብ ይድረቅ። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። መቀባቱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ከቀባህ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው። ሲሊኮን የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ነው፤ ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ያግዛል። እኛ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለነው ግን አንድ ቀን ብንጨምርለት ይሻላል። እስከዚያው በባልዲ መታጠብ ነው፣ አብሽር።