ኮይልኦቨርን በቤት መግጠም አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ቁመቱ ነው

በአሜሪካ የስፖርት መኪና የገዛ ወጣት ብዙም ሳይቆይ ከሚያዝዛቸው ዕቃዎች አንዱ ኮይልኦቨር ነው። ይህ ዕቃ ሞላው በሾክ አብዞርበሩ ዙሪያ የተቀመጠበትና የሾኩ አካል እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት በመሆኑ፣ ቀለበቱን በማዞር የመኪናውን ቁመት ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስችላል። ጋራዦች ለመግጠም የሚጠይቁት ዋጋ ቀላል ስላልሆነ፣ በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ቅዳሜና እሁድን ጠብቆ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ክሪክ የሚያስገባ ሰው አይታጣም። ይህን የሚቃወሙ ሰዎች የእግር ሥራ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያያይዙት ክፍሎች ላይ የሚሠራ ሥራ፣ ለመካኒክ ብቻ መተው አለበት ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በቤት ለተገጠሙ ኮይልኦቨሮች መበላሸት ዋናው ምክንያት የገጣሚው እጅ ሳይሆን መኪናውን ከልክ በላይ ዝቅ የማድረግ ፍላጎቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምሳሌ በ2012 ገበያ ላይ የዋለውን፣ ቶዮታና ሱባሩ በጋራ የሠሩትን 86 እንውሰድ፤ በአሜሪካ መጀመሪያ የተሸጠው ሳዮን ኤፍአርኤስ በሚል ስም ነበር። የፊት እግሩ ማክፈርሰን የሚባለው፣ ሾኩ ራሱ ጎማውን ከላይ የሚይዝበት ዓይነት ነው። የፊቱን ሾክ ለማውጣት የፍሬኑን ቱቦና የኤቢኤሱን ሽቦ ከማሰሪያቸው ማላቀቅ፣ የስታብላይዘሩን ሊንክ መፍታት፣ ከታች ሁለቱን ትልልቅ ብሎኖች ማውጣት፣ ከዚያም በሞተሩ ክፍል በኩል ያሉትን ሦስት ዳዶዎች መፍታት ይበቃል። መኪናው በክሪክ ብቻ ተደግፎ እንዳይሠራበት፣ የተጨመቀ ሞላም በዋዛ እንዳይፈታ መጠንቀቅ ግን ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። የፋብሪካውን የላይኛ መቀመጫ ፈትቶ መልሶ መጠቀም የማያስፈልገው፣ ሙሉውን ተገጣጥሞ የሚመጣ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከሁለተኛው አደጋ በአብዛኛው ይድናል።

ይልቁንስ ብዙዎች የሚስቱት፣ መካኒኮችም ቢሆኑ ሲቸኩሉ የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት የኋላው እግር ክንዶች ብሎን በስህተት መኪናው ተነስቶ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ባለበት ሁኔታ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። በክንዱ ጫፍ ያለው የላስቲክ ቡሽ ግን እንደ ኩሽኔታ የሚሽከረከር አይደለም፤ ላስቲኩ ከውስጥም ከውጭም ከብረት ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ቡሹ ቆሞም ሳለ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል፣ ቁመቱንም ያዛባል። ስለዚህ ብሎኑን በእጅ አስይዞ፣ ክሪኩን ከክንዱ ሥር አስገብቶ እግሩን መኪናው መሬት ላይ ሲቆም ወደሚኖረው ቦታ ካነሱ በኋላ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥት ደግሞ በሰዓት ከሚከፈለው ጋራዥ ይልቅ በባለቤቱ ዘንድ መገኘቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ቁመቱ እንምጣ። መኪና ዝቅ ሲል የክብደቱ ማዕከል ወደ መሬት ስለሚቀርብ በመታጠፊያ ላይ ያነሰ ያጋድላል የሚለው እምነት ግማሹ ብቻ እውነት ነው። መኪናው የሚያጋድልበት የራሱ ማዕከል አለው፤ የዚህ ማዕከል ቦታ የሚወሰነው በታችኛው ክንድና በሾኩ አቀማመጥ ነው። በማክፈርሰን እግር ላይ የታችኛው ክንድ አግድም ከመሆን አልፎ የውጩ ጫፉ ከውስጠኛው ከፍ እስኪል ድረስ መኪናው ከወረደ፣ ይህ ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል በፈጠነ መጠን ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከመሬት በታች ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር መኪናውን የሚያጋድለው ጉልበት ይጨምራል። እንግዲህ በኮይልኦቨሩ ውስጥ ያለው ጠንካራ ሞላ ሥራው በከፊል ባለቤቱ ራሱ ያመጣውን ጉዳት መሸፈን ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ላይ የመሪው ዘንግና የታችኛው ክንድ አቅጣጫ መጣጣማቸው ስለሚቀር፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ መሪው ሳይዞር ጎማው በራሱ ይዞራል። በእኔ ግምት ለመንገድ በሚነዳ እንዲህ ባለ መኪና ላይ ከ25 ሚሊሜትር በላይ መውረድ ትርፉ ለፎቶ ብቻ ነው።

የቁመት ማስተካከያው አሠራርም ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። በአንዳንዶቹ ቁመቱ የሚቀየረው የሞላውን መቀመጫ ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው፤ በእነዚህ ላይ መኪናው በወረደ ቁጥር ሾኩ ወደ ውስጥ ለመግባት የሚቀረው ርቀት ያንሳል። እንደ ቢሲ ሬሲንግ ባሉት በሌሎቹ ደግሞ የታችኛው መያዣ ለብቻው ስለሚዞር፣ ሞላውን ሳይነኩ ቁመትን መቀየር ይቻላል። የሾኩ ርቀት አይነካም፤ ጎማው ግን ፓራፋንጎውን ሊመታ ይችላል። ይህን ሳይረዱ ሞላውን ጨምቆ መኪናውን ከፍ ማድረግ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ርቀት ስለሚያሳጥር፣ ባልተስተካከለ መንገድ ላይ ጎማው መሬቱን ይለቃል።

ሻጮች በጉልህ ስለሚጽፉት የሞላ ጥንካሬም አንድ ነገር ልበል። ከፊትም ከኋላም በሚሊሜትር 8 ኪሎ (አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ 8 ኪሎ የሚጠይቅ) የተባለ ሞላ በሁለቱ ጎማዎች ላይ እኩል ጥንካሬ አይሰጥም። ሞላው የሚንቀሳቀሰው ጎማው ከሚንቀሳቀሰው 70 በመቶ ያህል ብቻ ከሆነ፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጥንካሬ የሞላው ግማሽ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ንጽጽር የሚባዛው በራሱ ነው። በማክፈርሰን እግር ላይ ግን ሞላው ከጎማው ጋር እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይንቀሳቀሳል። በቁጥሩ ትልቅነት ብቻ የሚገዛ ሰው ምን እንደገዛ አያውቅም።

ከገጠማ በኋላ ዊል አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል በመሣሪያ ለክቶ ማስተካከል፣ የግድ ነው፤ ይህ በቤት ሊሠራ የማይገባው ብቸኛው ክፍል ይመስለኛል። ሞላው እስኪረጋ ጥቂት ቀናት ነድቶ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል ለክቶ ቁመቱን ካስተካከሉ በኋላ ነው ወደ አላይመንት መሄድ ያለባቸው። ከዚያ በኋላ ቀለበቱን የነካ ሰው የከፈለበትን አላይመንት አበላሸ ማለት ነው።

በሕጉ በኩል ጀርመን የምታስቸግረውን ያህል አሜሪካ አታስቸግርም። በጀርመን እንዲህ ያለ ለውጥ ቲዩፍ በሚባለው የመኪና መርማሪ ወይም በመሰል ተቋም ታይቶ ካልጸደቀ መኪናው በመንገድ ላይ የመነዳት ፈቃዱን ያጣል፤ ብዙዎች ይህን ቢሮክራሲ ቢጠሉትም፣ ቁመቱን ሌላ ሰው እንዲያይ ማስገደዱን እወድለታለሁ። በአሜሪካ በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ ደግሞ፣ ሻጩ ጉዳቱን ያመጣው የተገጠመው ዕቃ መሆኑን ሳያሳይ ዋስትናን በጅምላ እንዳይሰርዝ ይከለክላል፤ የተሰበረው እግሩ ራሱ ከሆነ ግን ክርክሩ ለባለመኪናው ከባድ ነው።

የዋሽንግተን አካባቢ ክረምትም ሊታሰብ ይገባል። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በሾኩ ጥርሶች ውስጥ ስለሚገባ፣ ካልታጠበና ካልተጠረገ ቀለበቱ ከጊዜ በኋላ ነክሶ ይቀራል። ቁመቱን አንዴ አስተካክሎ ዳግመኛ የማይነካው፣ ወደ ውድድር ሜዳም የማይሄድ ሰው ከርካሽ ኮይልኦቨር ይልቅ ጥሩ ጎማና ቁመቱ የማይለወጥ ጥሩ ሾክ ቢገዛ ይሻለዋል። 86 ከፋብሪካ የወጣው ነዳጅ ቆጣቢ በሆነችው የቶዮታ ፕሪየስ ላይም ይገጠም በነበረ የጎማ ዓይነት ስለሆነ፣ ከጎማ የሚገኘው ለውጥ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይታወቃል።