አንድ ያላት

ባለፈው ሳምንት የካ አባዶ ልቅሶ ተቀምጠን ነበር። ድንኳኑ ብሎኮቹ መሃል ተጥሏል፣ ካርታ ይበወዛል። ወሬው ከጤፍ ዋጋ ተነሳ።

አንዱ፣ ድሮ የቀበሌ ሱቅ ሠራተኛ የነበረ፣ "መንግሥት ይተምን፣ መንግሥት ይግዛ፣ መንግሥት ያከፋፍል! ያኔ ነጋዴው ቀጥ ይላል" አለ። በእሱ ዘመን ቀጥ ብሎ የቆመው ሰልፉ ብቻ መሆኑን ረስቶታል መሰለኝ።

አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ በደርግ ጊዜ እህል ነጋዴ ነበሩ።

"አንድ ያላት እንቅልፍ የላት" አሉ፣ ካርታቸውን እያዩ።

"ምን ለማለት ነው ጋሼ?"

"የመንግሥቱን እህል ገዢ፣ እርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን ረሳኸው? ገበሬው ኮታውን በተቆረጠለት ዋጋ ያስረክባል። እኔም ከጫንኩት ከፊሉን ለእነሱ። ዋጋው የሚቆረጠው እዚህ ቢሮ ውስጥ፣ ዝናቡ የሚቀረው እዚያ ማሳው ላይ። ምርት ሲጎድልበት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበ ገበሬ አለ! በየካቲት 1982 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ነው የተገላገልነው። አንድ ገዢ ብቻ ያላት አገር እንቅልፍ የላትም።"

"ቻይና እኮ..." አለ ሰውዬው። ቻይና ብሎ ቀረ።

ባንክ የሚሠራ ልጅ ጣልቃ ገባ። ከ2003 እስከ 2012 የግል ባንኮች 100 ብር ባበደሩ ቁጥር 27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር አለ። ገንዘቡ የት እንደሚውል የሚወስነው ባንኩ ሳይሆን ሌላ ነበር። ሽማግሌውም ቀጠሉ፦ "ዶላሩስ? 2 ብር ከ07 ላይ ተቸንክሮ ኖረና በ1985 በአንዴ 5 ብር። አንድ ሰው ሲሳሳት ሁላችንም አብረን ነው የምንሳሳተው። አንድ ያላት..."

"እኔ ግን ያኔ ደህና ነበር የምተኛው!" አለ ሰውዬው።

የሱቁ ቁልፍ አንተ ጋ ነበራ! አልኩ በልቤ።

ደግሞ የሚገርመኝ፣ ይሄው ሰው የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ነው። ሦስት ሰው ካልፈረመ አምስት ሳንቲም ከባንክ አትወጣም። ደንቡ ሲጸድቅ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። ለድንኳንና ለድስት ሲሆን አንድ ሰው አያምንም፣ ለአገር ጤፍ ሲሆን አንድ ቢሮ ይበቃዋል።

እንዲያውም እሱን ብቻ ለምን እወቅሳለሁ። ሁላችንም "ከላይ" የምትባል ቃል ለምደናል። መንገዱ ለምን ተቆፈረ? ከላይ ነው። ሱቁ ለምን ታሸገ? ከላይ ነው። ልጆቻችንም ተምረዋታል። እዚያው ልቅሶ ቤት ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ የቧንቧ መፍቻ የያዘ ጎረምሳ አጠገቡ ቆሟል። አጥብቀው እንጂ ብለው፣ "ኮሚቴው ሳያዝ?" አለኝ።